ጋሼ መቀርቀሪያና የማይበገረው በራቸው

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲያበቃ ምን ይሆናል? የአንዳንዱ ልጅ ይሆናል፤ የአንዳንዱ ቤት፤ የአብዛኛው ደግሞ ከቀብር መልስ የሚያልቅ ወሬ። የጋሼ መቀርቀሪያ ዕድሜ ግን፣ ታናሽ እህታቸው አገላብጣ እንዳየችው፣ በር ነው የሆነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አለ ከተባለም ነዋሪዎቹ ገና አልተዋወቁም ማለት ነው። የዚህ ሰው ሰላምታው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም አንድ ብቻ ነው፦ «ቆልፋችሁ ነው የወጣችሁት?» ቆልፎ የወጣው ሁሉ ድንገት ይጠራጠራል። ደረጃውን ተመልሶ ይወጣል፣ በሩን ይነቀንቃል፣ ደግሞ ይወርዳል። ሥራ ቦታው ቢደርስም ልቡ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትውላለች።

ክቡርነታቸው ከመጋዘን ኃላፊነት ጡረታ የወጡ ናቸው። በእሳቸው ዘመን ከመጋዘኑ አንዲት ምስማር አልጠፋችም ይባላል፤ የሚሉትም እሳቸው ናቸው። የቁልፍ ፍቅር ያስያዛቸው ግን መጋዘኑ አይደለም። ሚስታቸውን ቀብረው ሲመለሱ በራቸው ተገንጥሎ ጠበቃቸው። የተወሰደው ራዲዮናቸውና የሟች ካፖርት ነበር። ለቀስተኛው ስለ ራዲዮኑ አዘነ። እሳቸው ስለ ካፖርቱ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ በማግስቱ ግን ቁልፍ ገዙ። ሞትን የሚከለክል ቁልፍ እንደሌለ አላጡትም። ሰው የሚዘጋው በሚችለው በኩል ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጨብጡት የበሩን እጀታ ሆነ፤ ባለቤቶቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሦስተኛ ፎቅ የገቡትን አዲስ ተጋቢዎች እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉ ሄደው፣ «እስቲ ዝጉብኝ» ብለው ወደ ውጭ ወጡ። የጡረታ መታወቂያቸውን በበሩና በመቃኑ መካከል ሸጎጥ፣ ወዝወዝ አደረጉና ተመልሰው ገቡ።

«ይኸው። ሌባ ብሆን ኖሮ ቴሌቪዥናችሁ ጀርባዬ ላይ ነበር።»

ሙሽራው ሊስቅ ሞከረ። «ጋሼ፣ እኛ ደግሞ ምን አለንና እንሰረቃለን?»

«ምንም እንደሌለህ ሌባ የሚያውቀው ከገባ በኋላ ነው የኔ ልጅ። የሚያዝንልህም ያኔ ነው።»

ሙሽራው በማግስቱ ይዟቸው ቁልፍ ሊገዛ ወጣ። ባለሱቁ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ፊቱ ጠቆረ። ጋሼ አንዱን ቁልፍ በመዳፋቸው መዘን መዘን አድርገው፣ «ይሄ ለበር ነው ወይስ ለአንገት?» አሉት። ስብከቱ ቀጠለ። በቤት በር ላይ ጓጉንቸር ማንጠልጠል «እኔ የለሁም፣ ግቡ» ብሎ መለጠፍ ነው። ሌባ ከቁልፍ ጋር አይታገልም፤ መቃኑን ነው የሚገነጥል። ስለዚህ ከቁልፉ በፊት መቃኑን፣ ከመቃኑም በፊት ብሎኑን ማየት ይገባል፤ ብሎኑ አጭር ከሆነ ቁልፉ የወርቅ ቢሆንም ፍሬ የለውም። ማጠፊያው በውጭ በኩል የሆነ እንደሆነ ደግሞ በሩን ለሌባው በገዛ እጅህ አቀበልከው። ሁሉም እውነት ነበር። የአሰልቺ ሰው ክፋቱ ብዙ ጊዜ ልክ መሆኑ ነው።

ሰዉ በፊታቸው ይስቃል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ብሎኑን ይለካል። ቀስ በቀስ ሕንጻው በሙሉ ተቆለፈ። ስኳር መበዳደር ቀረ፤ ለአንድ ሲኒ ስኳር ያን ሁሉ የሚከፍት አልተገኘም። የጋሼ በር ከሁሉም በላይ ነበር፤ ከውስጥ ላሜራ ለብሷል፣ ከላይና ከታች ማታ ማታ የሚወረወር መቀርቀሪያ አለው፣ መሃሉ ላይ ደግሞ መርጠው የገዙት ቁልፍ። አንድ የድሮ ባልደረባቸው ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ ያ ሁሉ ብረት እስኪንኳኳ ጠብቆ ጠብቆ፣ «የመጣሁበትን ረሳሁት፤ ደህና ዋል» ብሎ ከደጅ ተመለሰ።

እህታቸው ከታች ፎቅ ናት። ዘወትር የምትነዘንዛቸው በአንድ ነገር ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ትርፍ ቁልፍ ስጠኝ። ሰው ነህ፤ ትወድቃለህ።»

«ሁለት ሰው የያዘው ቁልፍ፣ ቁልፍ አይደለም። ወሬ ነው።»

«እኔ ነኝ ወሬ?»

«አንቺማ እህቴ ነሽ። ቦርሳሽ ግን እህቴ አይደለም።»

ጉንፋን ጥሏቸው ባንቀላፉበት ቀን ቁልፉን ይዛ ወጣች፤ ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ አስቀርጻ፣ ሳይነቁ መለሰች። መቀርቀሪያዎቹ ቀን ቀን ስለማይወረወሩ ይኸው ይበቃል አለች። ልቧ አረፈ።

አንድ ጠዋት ጋሼ የላይኛውን መቀርቀሪያ ዘይት ሊቀቡ ወንበር ላይ ወጡ። ወንበሩ ከዳቸው፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። እህታቸው ከሰዓት በኋላ መጥታ ስታንኳኳ ከበሩ ሥር የሰለለ ድምፅ መለሰላት። ጆሮዋን እስክትለጥፍ አልሰማችውም። ቁልፏን አውጥታ ሰካች። ጥቂት ገብቶ ቆመ። ጋሼ የራሳቸውን ቁልፍ ከውስጥ ሰክተው ነው የሚተዉት፤ ከውስጥ የተሰካ ቁልፍ ከውጭ የሚመጣውን አያሳልፍም። ይህንንም ዘዴ ለሰፈሩ ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ።

የቁልፉን ኳኳታ ጋሼ ከወለሉ ሰሙት።

«ማን ነው ቁልፌን ያስቀረጸው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ወደቅህ እንዴ?»

«መቼ?»

«ምን መቼ ትለኛለህ? መነሣት ትችላለህ?»

«አልችልም። መቼ ነው ያስቀረጽሽው?»

ሙሽራው እየሮጠ መጣ፤ በሕንጻው ያለው በያጅም መሣሪያውን ተሸክሞ ደረሰ። ጋሼ ወለሉ ላይ እንደተጋደሙ፣ ጆሮውን በሩ ላይ ለለጠፈ ሁሉ ሥራውን ይመሩ ጀመር።

«በመሃል አትምጡ፤ ላሜራ ነው።»

«በማጠፊያውስ?» አለ ሙሽራው።

«በውስጥ በኩል ነው። ያስተማርኩህን በላኸው?»

«ታዲያ በየት እንግባ ጋሼ?»

«እንጃ» አሉ። እህታቸው ይህን ቃል ከአፋቸው ስትሰማ ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ከስብራቱም ከድምፃቸው መሰለልም ይልቅ ያስደነገጣት እሱ ነው።

በያጁ በሩን ትቶ ከመቃኑ አጠገብ ግድግዳውን ደረመሰው፤ በቀዳዳው እጁን ሰድዶ የተሰካውን ቁልፍ አዞረ። በሩ አንድ ጭረት አልነካውም። ጋሼ በቃሬዛ ሲወጡ እህታቸው ታለቅሳለች፤ እሳቸው ግን አንገታቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ «አየሽልኝ? እሱ እኮ አልተሸነፈም» አሏት። ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር፣ ከዕንባዋ ጋር። እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምትወድ ያን ጊዜ ታወቃት፤ መውደዷም አልጠቀማቸውም።

ከሆስፒታል ተመለሱ፤ እግራቸው ግን አልተመለሰም። እሳቸው በሌሉበት ሳምንታት ደረጃው ጭር ብሎ ነበር፤ አሰልቺ ሰው ሲጎድል ክፍተቱ ከተወዳጁ ይሰፋል። እህትና ጎረቤት መክረው አዲስ ቁልፍ አስገጠሙላቸው፤ ከውስጥ ቁልፍ ሳያስፈልገው በእጅ ዞሮ የሚከፈት፣ ከውጭ ግን ቁልፍ የሚፈልግ። አንዱን እህታቸው፣ አንዱን ሙሽራው፣ አንዱን በያጁ ያዙ። ጋሼ ተኝተው መረመሩት። «ደህና መርጣችኋል» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቁልፍ አላነሡም።

አንድ ቀን እህታቸው ሾርባ እያጎረሰቻቸው ሳለ ስለዚያ ቀን አወሩ።

«የሁላችሁም ኮቴ ይሰማኝ ነበር። አንቺ ወርደሽ ወጣሽ። ሙሽራው እያፏጨ አለፈ። ተጣራሁ። ጥሩ በር ነው፤ ኮቴ ከሥሩ ይገባል፣ ድምፅ ግን አያወጣም።» ማንኪያውን በእጃቸው መለሱት። «ቀን ቀን በሩን ገርበብ አድርጊልኝ።»

ጎረቤቱን አማከረች። ሙሽራው፣ «ሰው ቢገባባቸውስ? መነሣት እንኳ አይችሉ» አለ። በያጁ፣ «ራሳቸው አይደሉ ያስተማሩን?» አለ። እሷም ስታስበው ደረጃው ላይ የማታውቀው ሰው ታያት። አልደፈረችም። በማግስቱ ጠየቋት፤ በሌላው ቀንም ጠየቋት፤ ሙሽራውን ለመኑት፣ በያጁን ለመኑት። ሁሉም ለእሳቸው ብለው እምቢ አሉ።

በሞቱበት ሳምንት ልመናውን አሳነሱት።

«ሁለት ጣት ታህል ትበቃኛለች» አሏት። «ድመት እንኳ አታስገባም።»

እሺ ጋሼ አለችና፣ ቆልፋ ወረደች።