ነጩ ኖራ፣ ቀዩ አፈርና አማቴ

ባልና ሚስትን የሚያፋታው ውሽማ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እዘኑለት፤ ግድግዳ ቀብቶ አያውቅም ማለት ነው!

በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ አዲስ ጎጆ ወጣሁ። ወዲያው አማቴ እትዬ ጦይባ ከአጣዬ ላኩብኝ፦ «ቤቱን መጥቼ አየዋለሁ፤ ካላማረኝ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ»። ቀልድ እንዳይመስላችሁ... እትዬ ጦይባ ቀልድ አያውቁም።

እኔ ጣርማ በር ላይ መንገድ ከሚሠራው የጣሊያን ካምፕ ነጭ ኖራ አመጣሁ። ሚስቴ ዘይነባ ደግሞ አርበኞች ከሸፈቱበት ከማጀቴ ተራራ ቀይ አፈር አስመጣች።

«ነጩ ነው የሚያምረው!»

«ወላሂ ቀዩ ነው!»

ክርክሩ ሲሰለቸን ግድግዳውን እኩል ከፍለን ቀባንና ቆመን አየን። ጉዱ የገባን ያኔ ነው! ነጩን አርበኛ ካየው «ባንዳ!» ሊለኝ ነው። ቀዩን ባንዳ ካየው ደግሞ «ማጀቴ ሽፍታ ዘንድ ምን ስትሠራ ነበር?» ሊለኝ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ዘይነባ ያለንን አንድ ሰሌን አመጣችና እንደ እንግዳው ዓይነት አንዱን ግማሽ እንሸፍን ጀመር።

እትዬ ጦይባ ጨው ነጋዴ መስሎ ከመጣ ወንድማቸው ጋር መጡ። አርበኛ መሆኑን ስለምናውቅ ሰሌኑን ነጩ ላይ ሰቀልን። ገና ከመቀመጣቸው የሰፈሩ ባንዳ ምንሽሩን አንግቶ «ማን እንግዳ መጣ?» እያለ ገባ! ዘይነባ ዘላ ሰሌኑን ወደ ቀዩ...

«ምን ሆነሽ ነው እንደ ፍየል የምትዘዪው?» ብለው እናቷ ሰሌኑን ነጠቋት።

ባንዳው ቀዩን አየ። አርበኛው ነጩን አየ። ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ!

«ይሄ ቀለም ከየት የመጣ ነው?» አሉ ባንድ አፍ።

«እ... እትዬ፣ አንቱ እንዲመርጡልን ብለን እኮ ነው ሁለቱንም የቀባነው» አልኩ።

የእትዬ ጦይባ ፊት በራ። ግድግዳውን ከዳር እዳር አዩና «ሁለቱም አያምሩም! ቤት የሚያምረው በእበት ነው» አሉ። ወደ ባንዳው ዞረው «አንተ ውሃ ቅዳ!» ወደ ወንድማቸው ዞረው «አንተ እበት ዛቅ!» የእናት ትእዛዝ እንቢ የሚል የይፋት ሰው ካገኛችሁ ንገሩኝ። ምንሽሩ ጥግ ተደገፈ። ባንዳና አርበኛ ጎን ለጎን ሆነው እበት ሲያቦኩ በዓይኔ አየሁ፤ ሲወጡም አንድ ዓይነት ሸተቱ። ዘይነባም ቀረችልኝ፣ አልሃምዱሊላህ!

ዛሬ ልጆቼ ሁለት ቆርቆሮ ቀለም ይዘው «አባባ፣ ለሳሎኑ የትኛው ይሻላል?» ሲሉኝ መልሴ ያው ነው፦ «መጀመሪያ የሚመጣው እንግዳ ማን እንደሆነ ንገሩኝ!»