የተናቁ ፈረሶች ጥናት ኮሚቴ

በከተማችን ታሪክ ሊያልፈው የማይገባ አንድ ተቋም ነበር። ዘወትር ማክሰኞ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ የጎልማሶች የማንበብ ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት ይሰበሰብ ነበር። አባላቱ ሦስት ነበርን፦ መምህራችን ግሌኒስ፣ ጡረታ የወጣው በግ ሸላች ክላሪ፣ እና በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት እኔ ሎርና።

ትምህርቱን የጀመርኩት ለከፍተኛ ዓላማ ነው። ልጄ ቴጋን በፈረስ ጋላቢነት ተለማማጅ ሆና ተቀጥራ ነበር፤ ስሟ ጋዜጣ ላይ ሊወጣ ነው። ያን ስም ባሌ ዴስ እንዲያነብልኝ አልፈለግሁም። በራሴ ዓይን ላነበው ቆረጥኩ።

ግሌኒስ የተማሪዎቿን ፍላጎት ያገናዘበ የማስተማሪያ ዘዴ ቀረጸች። ይኸውም ክላሪ ከጋዜጣው የፈረስ እሽቅድምድም ገጽ ሌላ ምንም አላነብም ስላለ፣ ገጹ መማሪያ መጽሐፋችን ሆነ ማለት ነው። በስድስት ወር ማንበብ ቻልን። በሰባተኛው ወር ሊቃውንት ሆንን። ጣጣው የመጣው ከሰባተኛው ወር ነው።

የከተማችን ዋንጫ የሸክም ውድድር ነው፤ ጎበዙ ፈረስ ክብደት ይጫንበታል፣ ሰነፉ ይቀልለታል፣ ሁሉም እኩል እንዲደርሱ ተብሎ። እንዲህ ባለ ውድድር የሚያሸንፈውን ፈረስ መፈለግ የተራ ሰው ሥራ እንደሆነ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል። የሠለጠነ ሰው የሚፈልገው ከሚገባው በላይ የተናቀውን ነው፤ አወራራጁ ንቆት፣ ቢያሸንፍ ብዙ የሚከፍልበትን።

በዋንጫው ሳምንት ቴጋን ቀይ አቧራ የተባለውን ፈረስ እንድትጋልብ ተመደበች። በአገሯ ሜዳ የመጀመሪያዋ ነበር። ወጥ ቤት መጥታ ማቀዝቀዣውን ተደግፋ ቆመች።

«እማ፣ ቅዳሜ የሜዳው አጥር ጋ ቁሚልኝ። አንድ ዶላርም ቢሆን በኔ አስይዢ። ያመነብኝ ሰው እንዳለ ልወቅ።»

«ጉዳዩ ተጣርቶ ይገለጽልሻል» አልኳት። ለገዛ ልጄ።

ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ።

«ቀይ አቧራ ሃምሳ ሰባት ኪሎ ይሸከማል» አለ ክላሪ፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ እየጎተተ። «በዚህ ሸክም ከስምንት አንዴ ቢያሸንፍ ነው።»

«የሚከፈለው ደግሞ አምስት እጥፍ ብቻ» አለች ግሌኒስ። «ይሄ ምኑ ተናቀ?»

«የምትጋልበው ልጄ ናት» አልኩ፣ ለቃለ ጉባኤው ያህል።

«ሎርና፣ ስሜት ስሌት ያበላሻል» አለኝ ክላሪ። ይህን ምክር በፈረስ ምክንያት ቤቱን ሁለት ጊዜ ካስያዘ ሰው መቀበል ክብር ነው።

የጳጳሱ ባርኔጣ የተባለውን ፈረስ ያገኘሁት እኔው ነኝ፤ እውነቱ ይነገር። ሃያ አንድ እጥፍ ይከፈልበታል። ባለፉት ሦስት ውድድሮች መጨረሻ ወጥቷል፤ ሆኖም በሦስተኛው መጨረሻ የወጣው በተሻለ ሁኔታ ነበር። ከአሥር አንዴ ያሸንፋል ብዬ አሰላሁ፤ ጸደቀልኝ። ቴጋን ከፈረሱ የመውደቋንም ዕድል አስልቼ ነበር። ለዚያ ዋጋ የሚያወጣ አወራራጅ ስላልነበረ ዝም ብዬ ተጨነቅሁ።

ቅዳሜ አጥሩ ጋ ቆምኩ። በጳጳሱ ባርኔጣ ያስያዝኩበት ትኬት ኪሴ ውስጥ ነው። ፈረሶቹ የመጨረሻውን መታጠፊያ ሲዞሩ የቴጋን ትንሽ ቀይ ቆብ በአጥሩ ጥግ ሾልካ ወጣች። ከዚያ በኋላ ያለውን ክላሪ ነው የነገረኝ። ባርኔጣዬን እያውለበለብኩ፣ ድምፄ እስኪዘጋ የልጄን ስም ስጠራ ነበር አሉ።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አለኝ እጄን ይዞ። «የኛ ፈረስ እኮ ሌላው ነው።»

«የቱ?»

«ያ፣ ውድድሩን ከኋላ ከሚከተለው አምቡላንስ ፊት ያለው።»

ቀይ አቧራ በአንገት ርዝመት ቀድሞ ገባ። ዴስ ያሸነፈበትን ገንዘብ ሊቀበል ወደ አወራራጁ ሄደ። ምን አጥንቶ እንዳስያዘ ስጠይቀው «ልጄ ናታ» አለኝ። ይህን የመሰለ ድንቁርና በገዛ ቤቴ ማደሩን እስከዚያ ቀን አላወቅሁም።

«በረጅም ጊዜ ሲታይ ውሳኔያችን ትክክል ነው» አለች ግሌኒስ።

«እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አለ ክላሪ።

ቴጋን ፊቷ በአቧራ ተለውሶ እየሳቀች መጣች። «ድምፅሽን ከሜዳው ሰማሁት፣ እማ። አስያዝሽ?»

ትኬቱን ሰጠኋት። አነበበችው። ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ተንቆ ነበር» አልኩ።

«ስንት ኪሎ ይዤ የጋለብኩ መስሎሽ ነው?»

«ሃምሳ ሰባት።»

«ተለማማጅ ነኝ እኮ። ከፈረሱ ሸክም ሦስት ኪሎ ይቀነስልኛል። ስሜ አጠገብ ተጽፏል።»

ጋዜጣውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እውነቷን ነው፤ ከስሟ ቀጥሎ በቅንፍ ውስጥ ቁጥር ሦስት ተቀምጣለች። የአሥራ አራት ፈረሶችን እናትና አባት ሳይቀር አንብቤያለሁ። የዘለልኩት ያቺን መስመር ብቻ ነው። የልጄን ስም አውቀዋለሁ ብዬ።

ቴጋን ትኬቱን አልመለሰችልኝም። ማታውኑ ማቀዝቀዣው ላይ፣ ከማንበብ ትምህርት የምስክር ወረቀቴ አጠገብ ለጠፈችው። ሁለቱንም ያለ ማንም እርዳታ አነባቸዋለሁ።