የጋሽ ዘገዬ ሰዎች

በየከተማው አንድ አይጠፋም። ተሰልፎ የማያውቅ፣ ቅጽ ሞልቶ የማያውቅ፣ የቢሮ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ቆሞ ያላነበበ፣ ግን የሰፈሩን ሰው ጉዳይ ሁሉ እሱ ካልጨረሰው እንቅልፍ የማይወስደው። ድሬዳዋ ደግሞ በዚህ ዓይነት ሰው ድሃ ሆና አታውቅም፤ የከዚራው ዘገዬ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሠላሳ ሦስቱን በምድር ባቡር የጭነት ክፍል ጸሐፊነት አሳልፏል። ነጭ ሸሚዙ በዚያ ሙቀት በየቀኑ ይተኮሳል። ከአፉ የማይጠፉት ሁለት ቃላት ናቸው፤ «ሰው አለኝ።»

የውኃ ቆጣሪ ቢበላሽ፣ ሰው አለኝ። ልጅ ትምህርት ቤት መግቢያ ቢያጣ፣ ሰው አለኝ። አንድ ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድልድዩ ሲዘጋ፣ ወዲያ ማዶ ለመሻገር «ቆይ፣ ሰው አለኝ» ማለቱን ጎረቤቶቹ እስከ ዛሬ ይምላሉ።

ዐያን ዳሂር ይህን አታውቅም ነበር። ጅቡቲ ተወልዳ ያደገች፣ ወደብ ላይ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ የምትሠራ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። አማርኛዋ የአባቷ የድሬ አማርኛ ነው። አባቷ ዳሂር የባቡር ሜካኒክ ነበረ፤ ዕድሜው ሲገፋ «እኔ የምቀበረው ድሬ ነው» ብሎ መጋላ፣ እህቱ ሸፊቃ ቤት ገባ። ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊን ካልተወጋ አይሆንለትም።

ሸፊቃ ደግ ናት። ችግሩ ልጇ ሙስአብ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ሥራው የእናቱን ስልክ መነካካት ነው። ዐያን በአክስቷ ስም የምትልከው ገንዘብ ገና በወጉ ሳይደርስ በሙስአብ በኩል ወጥቶ ያልቃል። ባለፈው ዓመት ዳሂር ሁለት ጊዜ ራሱን ስቶ ሐኪም ቤት የገባው መድኃኒት ተቋርጦበት ነው። ስለዚህ ዐያን የዓመት ፈቃዷን ወስዳ፣ የሠላሳ ቀን ቪዛ አስመትታ መጣች። የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ ከፍታ፣ ባንኩ በየወሩ በቀጥታ ለመድኃኒት ቤቱ እንዲከፍልላት።

ዘገዬ የዳሂር የድሮ የሥራ ባልደረባ ነው። ሊጠይቀው መጥቶ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ ወሬውን ሰማ።

«ለባንክ ብለሽ ነው ፊትሽን እንዲህ ያጠቆርሽው?» አላት።

«አዴር» አለችው፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለቷ ነው። «እኔ እኮ የውጭ ዜጋ ነኝ። ፓስፖርቴ የጅቡቲ ነው።»

«አባትሽ የድሬ ልጅ። እኔ የድሬ ልጅ። ባንኩ ያለው ድሬ። የውጭ ዜጋ ከየት መጣ? ሰው አለኝ።»

ዳሂር ከተጋደመበት ፈገግ አለ። «ዘገዬ ከያዘው አለቀ በይው» አላት። ዐያንም አለቀ አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ባንኩ በር ላይ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። ክቡር አቶ ዘገዬ አንዱን «ቦንዡር»፣ አንዱን «አካም»፣ አንዱን «ነበድ» እያለ ሰልፉን እንደ ሙሽራ አልፎ ጥበቃው ዘንድ ደረሰ።

«ኃይለመለኮት አለ?»

«ሥራ አስኪያጁ? እሱ ከተዛወረ አራት ዓመቱ።»

ዘገዬ አልደነገጠም። «ደህና ቦታ ነው የሄደው?» ብሎ ጠይቆ ገባ።

መስኮቱ ላይ ዮርዲ የምትባል ወጣት ነበረች። ፓስፖርቱን ገለጠች፣ ቪዛውን አየች። «እህቴ፣ ይኼ የጎብኚ ቪዛ ነው፤ በዚህ ሒሳብ አንከፍትም። መጀመሪያ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለብሽ። ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬውኑ…»

«ተይው ልጄ» ብሎ ዘገዬ አቋረጣት። «ረጅሙን መንገድ ለሌላ ሰው ንገሪው። እኛ በአጭሩ እንጨርሳለን።»

ዮርዲ ዐያንን አየቻት። ዐያን ዘገዬን አየችው። የተተኮሰው ሸሚዝ አሳመናት መሰለኝ፣ ፓስፖርቷን ቦርሳዋ ከታ ተከትላው ወጣች። ከቪዛዋ ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶ ነበር።

አጭሩ መንገድ ቀበሌ ነው። በዘገዬ ስሌት፣ ቀበሌው «እዚህ ነዋሪ ነች» የሚል ደብዳቤ ከጻፈላት ባንኩ አፉን ይይዛል። መዝገብ ቤት ደግሞ ዝናሽ አለች።

«ዝናሽ ጡረታ ወጥታለች» አላቸው ጸሐፊው። «በቦታዋ የተተካችው ደግሞ ወልዳ ፈቃድ ላይ ነች።»

«ወንድ ነው ሴት?» አለ ዘገዬ።

«ማን?»

«የወለደችው።»

«ወንድ።»

«ጎሽ! እንኳን ማርያም ማረችሽ በላት።» ስሟን እንኳ የማያውቃት ሴት ነበረች።

ጸሐፊው ለእንግዳ እንዲህ በቀላሉ ደብዳቤ እንደማይጻፍ ነገራቸው፤ ባንኩ በደብዳቤ ከጠየቀ ግን ይታያል አለ። ተመልሰው ባንክ ሄዱ። ዮርዲ ባንኩ ደንበኛው ላልሆነ ሰው ደብዳቤ እንደማይጽፍ ነገረቻቸው።

«ደንበኛ ለመሆን እኮ ነው ደብዳቤው» አለች ዐያን።

«ገብቶኛል» አለች ዮርዲ። እውነትም ገብቷታል፤ መግባቱ ግን ለማንም አልጠቀመም። ስለ መኖሪያ ፈቃዱ እንደገና ልትናገር አፏን ስትከፍት ዘገዬ ቀድሞ በሩ ጋ ደርሶ «ዐያን፣ ነይ!» ይላል።

ቀበሌ ባንክ፣ ባንክ ቀበሌ ሲባል ሁለት ሳምንት አለፈ። ዘገዬ በእነዚህ ቀናት ያልጠራው ሰው የለም። ክፍለ ከተማው ውስጥ ያለው ሰው ታሞ ተገኘ። ማዘጋጃ ቤት ያለው ሰው ጋር ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። መልካ ጀብዱ ድረስ በባጃጅ ሄደው ያገኙት አንድ ሰው ደግሞ ዘገዬን አቅፎ ስሞ፣ ምሳ ጋብዞ፣ ሲሸኛቸው «ዘገዬ፣ አንተ ብዙ ሰው ታውቃለህ፤ ለልጄ ሥራ ፈልግልኝ» አለው። ዘገዬ ቃል ገባለት።

በመጨረሻ የኢሚግሬሽኑ ግሩም ቀረ። «እሱ ወንድሜ ማለት ነው» አለ ዘገዬ። ቢሮው በር ላይ ቆሞ ስሙን ሲጠራ፣ አንዲት ሴት ከወረቀቷ ቀና አለች። «ጋሼ፣ ግሩም እኮ ካረፈ ሦስት ዓመት አልፎታል።»

ዘገዬ ባርኔጣውን አወለቀ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እዚያው ፊት ለፊቱ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ የሚቀበሉበት መስኮት ነበረ፤ እሱም አላየውም፣ ለዐያንም ማንም አላሳያትም። እሷ የምታስበው ሽማግሌውን ውኃ ስለማጠጣት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሳቢያን፣ ግሩም ቤት፣ ሦስት ዓመት ላለፈው ልቅሶ ሄዱ። ዘገዬ ከበሩ ጀምሮ «ወንድሜን!» እያለ ሲያለቅስ፣ የግሩም ሚስት እጆቿን እየጠራረገች ከጓሮ ወጣች፤ ግራ ገብቷታል።

«ዘገዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ?» አለችው።

«አልሰማሁም» አለ።

ድሬ ውስጥ ሞት አለመስማት ቀላል ነገር አይደለም። የሚነግርህ ሰው የለም ማለት ነው። ዐያን ይህን ያኔውኑ ልታስተውለው በተገባት። ግን ጣቷን እያጠፈች ቀን ትቆጥር ነበር፤ ዘጠኝ ቀርቷታል።

አራት ቀን ሲቀራት አዲሱን ሥራ አስኪያጅ ራሱን ለማነጋገር ገቡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይገባል፤ የድሬ ልጅ አንቱ አይልም። ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ይለዋል፤ አውቅሃለሁ፣ የኔ ነህ ሲለው ነው። ሥራ አስኪያጁ ከሌላ አገር የመጣ፣ ጨዋ ሰው ነበር። ከወንበሩ ተነስቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «እርስዎ ማን ነዎት?» አለ።

«ዘገዬ ነኝ።» ይህ ስም ድሮ በር ይከፍት ነበር።

«የትኛው ዘገዬ?»

ሥራ አስኪያጁ ትንሽ ጠበቀው፣ ከዚያ ወደ ዐያን ዞረ። «እህቴ፣ በመጣሽ ሰሞን የመኖሪያ ፈቃድ ብትጠይቂ ኖሮ ይኼኔ ሒሳቡ ተከፍቶ ነበር። አሁን ጊዜው አይበቃም። ማንም አልነገረሽም?»

ዐያን ዘገዬን ዞር ብላ አላየችውም። «ተነግሮኝ ነበር» አለች።

ወደ መጋላ ሲመለሱ ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆመች። ከታች ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው። ዘገዬ ከኋላዋ ደርሶ «አታስቢ፣ አንድ ሌላ…» ብሎ ሲጀምር ያ ሁሉ ቀን ያጠራቀመችው ንዴት ገነፈለ።

«ሰው የለህም፣ አዴር! ያ ተዛወረ፣ ያቺ ጡረታ ወጣች፣ ያ ሞተ! ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን ትክክለኛውን ነገር ስትነግረኝ አፏን ያዘጋኸው አንተ ነህ። አባቴ መድኃኒት ሲያልቅበት ሰዎችህ መጥተው ሊወጉት ነው?»

ባጃጆች ፍጥነት እየቀነሱ አዩአቸው። ዘገዬ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ነበሩኝ» አላት። ወደ ከዚራ አቅጣጫ ዞሮ ሄደ።

ዐያን የምትሄድበትን ቀን አልነገረችውም። የሦስት ወር መድኃኒት መግዣ ለአክስቷ በእጇ ሰጥታ፣ ሙስአብ እንዳያየው አስምላት፣ ወደ አዲሱ ጣቢያ በባጃጅ ሄዳ ባቡሯን ተሳፈረች። መንገዱን ሁሉ በሆዷ ሽማግሌውን ስትረግም ነው የደረሰችው።

በሦስተኛው ወር ላይ፣ ክረምቱ ገብቶ፣ አክስቷ ጋ ደወለች።

«ኤዶ ሸፊቃ፣ አባቴ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ! ወፍሯል። ሐኪሙም ስኳሩ ተስተካክሏል ብሎታል።»

«ያስቀመጥኩልሽ ገንዘብ በቃሽ?»

«ልጄ፣ አልዋሽሽም። አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ ሙስአብ ካስቀመጥኩበት አግኝቶ ወሰደው።»

ዐያን ብድግ አለች። «ታዲያ አባቴ ይኼን ሁሉ ጊዜ ምን ተወጋ?»

«እንዴ! በባንክ የምትልኪው አንቺ አይደለሽም? ዘገዬ መጥቶ ሒሳቡ ተከፈተ ብሎ አብስሮን የለ! በየዓርቡ ከከዚራ መድኃኒቱን ገዝቶ፣ ፔርሙዝ ውስጥ በረዶ አድርጎበት ያመጣል። ባለፈው ደቻቱ ሞልቶ ድልድዩ ቢዘጋ እንኳ፣ ወዲያ ማዶ ዝናብ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ፣ ውኃው ሲጎድል መጣ። አባትሽም ለጎረቤቱ ሁሉ ‹ልጄ ባንክ ከፈተችልኝ› እያለ ሲኮራ ብታዪው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዘገዬ ግን ምን እንደነካው እንጃ። ጫት ትቷል፣ በርጫ ላይ አይታይም። ሸሚዙንም አሁን ራሱ ነው መሰለኝ የሚያጥበው፣ አንገቱ ጋ ቢጫ ሆኗል።»

ዐያን የኢንሱሊኑን ዋጋ ታውቀዋለች። የምድር ባቡር ጡረታ ስንት እንደሆነም ከአባቷ ሰምታለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን እንደሚተርፍ ለማወቅ ወረቀት አያስፈልግም።

«አዎ ኤዶ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የምልከው።»

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ዘገዬ ጋ ደወለች። በአራተኛው ጥሪ አነሳ። ስለ ዝናቡ ነገራት፣ ስለ ኤሌክትሪኩ መጥፋት ነገራት፣ አባቷ በካርታ እንዳሸነፈውና እንዳጭበረበረውም ነገራት።

«አዴር፣ ስንት ልላክልህ?»

«ለምኑ?»

«ታውቃለህ።»

«ስሚኝ» አላት፤ ተቆጥቷል። «ዳሂር ከአንቺ በፊት የኔ ነው። አንድ ፍራንክ ብትልኪ ስልክሽን ሁለተኛ አላነሳም! ይልቅ እስክሪብቶ አምጪ። ለመኖሪያ ፈቃዱ የሚጠይቁትን ሁሉ ጽፌ ይዤዋለሁ። አንደኛ…»

ዐያን ጻፈች። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። የፎቶግራፉን ብዛት፣ የትኛው ወረቀት ኮፒ የትኛው ዋናው እንደሚሆን፣ የትኛው መስኮት ጠዋት ብቻ እንደሚከፈት እያብራራ፣ እያስደገመ አስጻፋት። ሁሉም ትክክል ይመስል ነበር። እንዲህ ጥንቅቅ ያለ ነገር ከእሱ አፍ ሰምታ አታውቅም።

«ማን ነገረህ?»

«ተሰልፌ ጠየቅኋ!»

«አንተ? ተሰለፍክ?»

«ስልሳ ሦስተኛ ነበርኩ» አለ ዘገዬ። ድምፁ ውስጥ ኀፍረት ነበረ፤ ግን ወዲያው ደግሞ ሞቅ አለ። «አይከፋም እባክሽ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ እንዴት ያለ ጨዋ መሰለሽ! እስከ ምሳ ስንጫወት ዋልን። ወንድሙ ባንክ ነው የሚሠራው።»

ዐያን ሳቋ መጣ፤ ግን ከሳቁ በፊት እንባዋ ቀደመ። በእጇ ጀርባ ጠራረገችው፣ እስክሪብቶዋን እንደገና አነሳችና የሰውየውን ስም ጠየቀችው።