ከግሱ ኋላ የምትመጣው ትንሿ ቃል

እንግሊዝኛ ስንማር የደበቁን ነገር አለ። እኔ በተማርኩበት የደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ግስ ማለት ከፊቱ «ቱ» ተደርጎለት ብቻውን የሚቆም ነገር ነበር። ቱ ጎ፣ መሄድ። ቱ ሉክ፣ ማየት። ቱ ጊቭ፣ መስጠት። ስልሳ ሆነን በአንድ ድምፅ እየጮህን ሸመደድነው፤ መምህራችንም ሰሌዳውን በአለንጋቸው ጫፍ እየነኩ «በቃ፣ ይኼን ካወቃችሁ የትም አገር ትኖራላችሁ» አሉን። አመንናቸው። ምን እናድርግ፣ አለንጋው በእጃቸው ነበር።

ጉዱን ያየሁት ካልጋሪ ከመጣሁ በኋላ ነው። እዚህ ግስ ብቻውን ከቤት አይወጣም። ከኋላው አንዲት ትንሽ ቃል ያስከትላል፤ እሷ በተለወጠች ቁጥር የእሱም ጠባይ ይለወጣል። ያ ማየት ያልኳችሁ «ሉክ»፣ «አፍተር» ስትከተለው መንከባከብ ይሆናል፤ «ፎር» ስትከተለው መፈለግ፤ «ዳውን ኦን» ሲከተሉት ደግሞ ሰውን መናቅ። «ጊቭ» እጁን ዘርግቶ ሲሰጥ ኖሮ «አፕ» የተለጠፈችበት ቀን ተስፋ ይቆርጣል። ለምን እንደሆነ አስተማሪዬን ጠይቄያት ትከሻዋን ሰብቃ «ሰዉ እንደዚያ ነው የሚናገረው» አለችኝ። የኛን ግስ ተመልከቱት እስቲ። «አልጠበቅኩህም» ስንል ጠባቂውም፣ ተጠባቂውም፣ ሳይጠበቅ መቅረቱም በአንዲት ቃል ውስጥ ተጠቃለው ገብተዋል። የማንንም ደጅ አይጠናም፤ ራሱን ችሎ ብቻውን ያድራል።

እኔም ብቻዬን ነው የማድረው። ሜይላንድ ሃይትስ፣ ከዲርፉት መንገድ ብዙም በማይርቅ ቤት ምድር ቤቱን ተከራይቼ። አከራዬ እላዬ ላይ ሲራመድ ይሰማኛል፤ ጉዳይ ሲኖረው ግን በቴክስት ነው የሚጽፍልኝ። ከሰዓት በኋላ የምሠራው አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሲሆን፣ ማሽኖቹ ስለሚጮኹ ሁላችንም በእጅ ምልክት ነው የምንግባባው። ስሜን የጠራ ሰው ሳልሰማ ሦስት ቀን ሊያልፍ ይችላል። የራሳችሁን ስም በራሳችሁ አፍ ጮክ ብላችሁ ጠርታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ቀን ሳህን እያጠብኩ «ዘሪሁን» ብዬ ሞክሬዋለሁ። አቤት ለማለት እንኳ አፈርኩ። ብቸኝነት ነበር፤ ሌላ የማዕረግ ስም ብሰጠው ራሴን መሸንገል ነው።

ለመጤዎች በነፃ ወደሚሰጠው የጠዋት እንግሊዝኛ ክፍል የሄድኩት ለዚህ ነው። ለሥራዬ የሚበቃኝን ያህልማ እችል ነበር። መመዘኛው ላይ ግን፣ ከድንጋጤ ይሁን ከዝምታ ልማድ፣ አፌ ተሳሰረና ዝቅተኛው ክፍል ተመደብኩ። እዚያ ጋሼ ይልማን አገኘሁ።

ጋሼ ይልማ በአሰብ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። ዛሬ ዓይናቸው ደከመና ከካልጋሪ ወጣ ብላ ባለችው ቸስተርሚር ከልጃቸው ቤት ተቀምጠዋል፤ ቤቱ ሰፊ፣ ሐይቁ ቅርብ፣ መኪና ለሌለው ሰው ግን መውጫ የለውም። ያን ሁሉ ጭነት ሲያደርሱ የኖሩት ሰውዬ አሁን ራሳቸው የሚጫኑና የሚወርዱ ዕቃ ሆነዋል፤ ይኼን ያሉት እሳቸው ናቸው፣ እኔ አይደለሁም። ጠዋት የልጅ ልጃቸው ሊያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ ታወርዳቸዋለች፤ ስትመለስ ትወስዳቸዋለች። በሊያ የጂም ጠርሙስ በሶ በጥብጠው ይመጣሉ። በዕረፍት ሰዓት እሱን እየተቀባበልን የአሰብን መንገድ በወሬ ኩርባ በኩርባ ይነዱልኛል። ከሁሉ በላይ ግን ስሜን ይጠሩታል። አስተማሪዋ «ዜሪ» የምትለኝን ሰውዬ እሳቸው «ዘሪሁን» ሲሉት ወዲያው ዞር እላለሁ።

ታዲያ ፈተና መጣ። ያለፈ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሄዳል፤ ያ ደረጃ የሚሰጠውም ዳውንታውን፣ መሀል ከተማ፣ አመሻሹ ላይ ነው። የፈተናው ይዘት እነዚያው ግሶችና ተከታዮቻቸው ናቸው። ጋሼ ይልማን አየኋቸው። «ሉክ» ሲባሉ መስኮቱን የሚያዩ ሰው ናቸው። እንደሚወድቁ አልተጠራጠርኩም። እኔ ደግሞ ባልፍ ምን ይዤ ነው የምሄደው? አዲስ ክፍል፣ አዲስ «ዜሪ»፣ በሶ የሌለበት ዕረፍት።

ለመውደቅ ወሰንኩ።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ «ለምን አልተነጋገራችሁም?» ይላል። ይሉኝታ የሚባል ነገራችንን ረስቶት ነው። ሁለት ሽበታም ወንዶች በካልጋሪ ኮሪደር ቆመው «ካንተ መለየት አልፈልግም» ሲባባሉ ታይቷችኋል? እኔ አልታየኝም። ስለዚህ ስለ አየሩ አወራን።

መውደቅ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሠላሳ ጥያቄ ነው። ሁሉን ብስት ያስጠረጥራል፤ ስለዚህ አምነውበት የተሳሳቱት የሚመስል ስሕተት መፈለግ ነበረብኝ። «አውቶቡስ እጠብቃለሁ» ለሚለው፣ ከ«ዌይት» ኋላ «ፎር» እያለች «ዊዝ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከአውቶቡሱ ጋር አብሬ የምጠብቅ ሰው ሆንኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሃያውን ሳትኩ፣ አሥሩን አገኘሁ። ካገኘኋቸው አንዷ «ሉክ ዳውን ኦን» ነበረች። በሕይወቴ እንደዚያ የደከምኩበት ፈተና የለም።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። ጋሼ ይልማ ወረቀታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት። ከዚያ ብድግ አሉ።

«ዘሪሁን! አለፍን!»

አለፍን ነው ያሉት። ከዚያ የኔን ወረቀት አዩ። ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ የበሶውንም ጠርሙስ ክዳን ሳይከፍቱት መልሰው አጠበቁት። «እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ» አልኳቸው፤ «እሺ» አሉኝ። ያን ዕለት ኩርባ አልነዱልኝም።

ውጭ ሊያ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ትጠብቅ ነበር። እሳቸው ቀበቶ እስኪያስሩ ወርዳ ወደኔ መጣች።

«አንክል፣ አለፍክ አይደል? ባባ ላይክ ሁለት ወር ሙሉ ስተዲ ሲያደርግ ነበር። ፍሪጁ ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ ኤቭሪዌር ወረቀት ለጥፎ። ‹ዘሪሁን ያልፋል፣ እኔ እዚያ ብቻዬን አልቀርም› ይላል። ሶ ኪዩት!»

ምን መለስኩላት? «ጎበዝ ናቸው» አልኩና ባቡር እንደሚያመልጠው ሰው ሮጥኩ። ባቡር አልነበረኝም።

እሳቸው ከኔ ጋር ለመውጣት ሲያጠኑ እኔ ከሳቸው ጋር ለመቅረት ወደቅኩ። ይኼ ብቻ ቢሆን ስቀን ባለፍነው። የከነከነኝ ሌላ ነው። አዘንኩላቸው እንጂ አላመንኩባቸውም ነበር። ያንን ሁሉ አቀበት የወጡትን ሰው ይኼን አይወጡትም ብዬ በልቤ ፈርጄባቸው ነበር። «ሉክ ዳውን ኦን»ን ለምን በትክክል እንደመለስኳት ያኔ ገባኝ። እውነቱን ልነግራቸው ስልኬን ሦስት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት፤ ሆን ብዬ ወደቅኩ ማለት ይወድቃሉ ብዬ ነበር ማለት ነዋ።

የባሰው ተከተለ። የአመሻሹን ክፍል ጋሼ ይልማ ሊደርሱበት አልቻሉም፤ ልጃቸው ነርስ ናት፣ ሺፍቷ ማታ ነው፤ ሊያም ያን ሰዓት ክላስ አላት። ወደ ቀድሞው ክፍል ልመለስ ቢሉ ያለፈ ሰው አይመለስም ተባሉ። ስለዚህ የወደቅኩት እኔ ክፍል ውስጥ ባዶ ወንበር አጠገብ፣ ያለፉት እሳቸው ቸስተርሚር ወጥ ቤት ውስጥ ቀረን።

በሁለተኛው ሳምንት፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ልክ በዕረፍት፣ ስልኬ ጮኸ።

«ዘሪሁን፣ አንተን እንዲህ ጥዬህማ አልቀርም። አስጠናሃለሁ። ‹ብሬክ› ምን ያስከትላል፣ መኪና ሲበላሽ?»

አውቃለሁ። «ኦን» አልኳቸው።

«ኧረ ተው! ዳውን! ሚሌ ላይ ሞተሩ ዳውን ብሎብኝ ሦስት ቀን ብቻዬን ተቀምጬ...» ብለው ያንን መንገድ እንደገና ጀመሩልኝ። ዕረፍቱ እስኪያልቅ ሚሌ ቆየን።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይደውላሉ። አንድ ስሕተት አንድ ታሪክ ያስገኛል፤ ትክክለኛ መልስ ግን «ጎበዝ» ብቻ ነው የሚያስገኘው። እንግዲህ የትኛውን እንደመረጥኩ ትገምታላችሁ። አንዳንዴ ለይምሰል አንዷን እመልሳለሁ።

ባለፈው ሐሙስ «ዌይት» አሉኝ። «ዊዝ» አልኩ።

የቸስተርሚር ፍሪጅ ሲያጉረመርም ይሰማኛል።

«ሰኞ ስጠይቅህ ፎር ብለህ ነበር።»

«ረሳሁት ጋሼ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ኬላ ላይ ፈታሽም ሹፌርም ሲዋሽ አይቻለሁ። ፈተናውንም እንዲሁ ነው የወደቅከው?»

ኮሪደሩ ውስጥ ፊቴ ጋለ።

«ይልማ ይወድቃል ብለህ ነዋ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

በበሩ በኩል አስተማሪዋ ብቅ ብላ «ዜሪ!» አለችኝ፤ ዕረፍቱ አልቋል። ስልኩን መዝጋት አልቻልኩም። ጋሼ ይልማ ግን ቀጠሉ።

«ይቅርታውን ነገ አራት ሰዓት ላይ እንነጋገርበታለን፤ ረጅም ነው። ደግሞ ‹ዌይት›ን እጠይቅሃለሁ» አሉኝ። «እንዳታውቀው።»