የሐጂ ኢድሪስ ሬዲዮና የነቀምቴ መንገድ

ሰው ሁሉ የራሱ ሐሳብ ያለው ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር፤ አሶሳ ለማስተማር ተልኬ ሐጂ ኢድሪስ ሻይ ቤት መቀመጥ እስክጀምር ድረስ።

ክልሉ ያኔ ገና አዲስ ነው። መሥሪያ ቤቱ ማኅተም እንጂ ወንበር የለውም፤ ስልኩም ያው እንደ ወንበሩ ነው። ወሬ የሚገኘው ከሐጂ ሬዲዮ ነበር። እኔ ደግሞ ወሬ ክፉኛ ቸግሮኛል። እሑድ እህቴ ነቀምቴ ላይ ታገባለች፤ አባታችን አርፈዋል፤ የምድራት እኔ ነኝ። መንገዱ ሰላም ነው ወይ?

ጠዋት ጠዋት ሬዲዮው የሐጂ ነው። ከድንበር ማዶ የሚመጣ የአረብኛ ጣቢያ ያዳምጡና፣ አስተማሪ ስለሆንኩ ኡስታዝ እያሉ ይተረጉሙልኛል፦ «መንገድ ጥሩ አይደለም ኡስታዝ፤ ሽፍታ አለ። ወላሂ አትሂድ፤ እህት ይቆያል።» ይሄኔ ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ጋሽ ይማም፣ ያ መንገድ ድሮም እንዳላማራቸው ይነግሩኛል። ቤቱ በሙሉ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም እነቀንቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ለሶላት መስጊድ ይሄዳሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነብ ዘፈን ይወዳሉና ሬዲዮውን ወደ አዲስ አበባው ጣቢያ ያዞሩታል። በዘፈኑ መሃል ዜና አለ፤ በዜናው ደግሞ አገር ሁሉ አማን ነው። እኚያው ጋሽ ይማም፣ እዚያው ወንበር ላይ፣ ምን ትጠብቃለህ፣ እህትህን ሰው የሌላት ልታስመስላት ነው እንዴ ብለው ይቆጡኛል። ጠዋት ያሉትን ባስታውሳቸው፣ ጠዋት ጠዋት ነው አሉኝ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ያን የሚያህል መንገድ በአንድ ባልና ሚስት ሲዘጋና ሲከፈት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሐሙስ ረፋድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከነቀምቴ ገባ። ሾፌሩ አቧራውን አራግፎ ተቀመጠ። በዓይኑ ያየ ሰው ተገኘ! መንገዱ እንዴት ነው ብዬ ዘልዬ ጠየቅሁት። እሱን ልጠይቅ ነው እኮ የገባሁት፣ ሬዲዮው ምን ይላል አለኝ። ሐጂ ነገሩት። ሾፌሩ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ እንዲህ ከሆነማ አልመለስም፣ እዚሁ እሰነብታለሁ አለ። የጫነው ጨውና ሳሙና ነው፤ አንዲት ሳሙና አልጎደለችበትም። ቢሆንም ሬዲዮ ተናግሯል።

ሌላ መኪና የለም። እህቴ በሠርጓ ቀን በር በሩን ስታይ ታየችኝ። እኔ የቄስ ልጅ፣ አዛን እንደዚያን ቀን ጓጉቼ ጠብቄ አላውቅም።

በመጨረሻ ተሰማ፤ ሐጂ ወጡ። እትዬ ዘይነብ ጣቢያውን አዞሩ፤ ዘፈኑ አለቀ፤ ዜናው መጣ፤ መንገዱ ሁሉ ሰላም ሆነ።

ሾፌሩ ቁልፉን አንስቶ ብድግ አለ።

«እኔም እኮ» አለኝ፣ «ስመጣ ሰላም መስሎኝ ነበር።»