የተጣሉትን ሳታስታርቅ አትቁጠር

በየቤተሰቡ ከሒሳብ ጥያቄ ጋር የሚሟገት አንድ ሰው አይጠፋም። ከጠፋም ቤተሰቡ ገና አልተሟላም ማለት ነው። እኛ በባለቤቴ አጎት ታድለናል። ክቡርነታቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዋና ሥራቸው የእኔን ጥናት መቆጣጠር ሆኗል።

ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነበር። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ ሦስተኛ ከወደቅሁ ደግሞ መፈተን አይፈቀድልኝም። ክቡርነታቸው ይህን ስለሚያውቁ ማታ ማታ ወንበር ስበው ፊቴ ይቀመጡና «በል አንብብልኝ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አለ?» ይላሉ።

አነባለሁ። «የአባት ዕድሜ የልጁን ሦስት እጥፍ ነው። ከአስር ዓመት በኋላ ሁለት እጥፍ ይሆናል።»

«ከአስር ዓመት በኋላ ለመኖሩ ማን ዋስ ሆነለት?»

«ጋሼ፣ ልጁን ኤክስ እንበለውና...»

«ለምን ሲባል? አባቱ ስም አላወጣለትም? ስሙን የሚደብቅ ሰው ደግ ነገር ይዞ አይመጣም።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ትስቃለች፣ እኔ እርሳሴን እነክሳለሁ። እንደምንም ብዬ ልጁ አስር ዓመቱ መሆኑን ሳገኝ «አላልኩህም? ገና ሕፃን ነው» ብለው ድሉን ለራሳቸው ያደርጉታል።

የባሰው የመጣው በፈተናው ዋዜማ ነው። አምስት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ ግን ጎን ለጎን መሆን አይፈልጉም። በስንት ዓይነት መንገድ ሊቀመጡ ይችላሉ? አንድ በአንድ መደርደር ጀመርኩና መሀል ላይ ጠፋብኝ። የክቡርነታቸው ፊት ጠቆረ።

«ምን አጣላቸው?»

«መጽሐፉ አይናገርም።»

«ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል? መጀመሪያ አስታርቅ እንጂ። አንድ ላይ አስቀምጣቸውና እንደ አንድ ሰው ቁጠራቸው። እምቢ ካሉ ያኔ ትለያቸዋለህ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ሒሳብ ነው እንጂ ሽምግልና አይደለም» ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት። ተቀየሙኝ። እራታቸውንም በቅጡ ሳይበሉ ተነሱ።

በማግስቱ ያው ጥያቄ መልኩን ቀይሮ ፈተናው ላይ ጠበቀኝ። አምስት ሰዎች ለፎቶ ይሰለፋሉ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን መቆም አይፈልጉም። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሌላ ሲጠፋኝ ሁለቱን አስታረቅኳቸውና እንደ አንድ ሰው ቆጠርኳቸው። አራት ሲሆኑ ሃያ አራት ዓይነት ሰልፍ ወጣ፤ ማን በቀኝ ማን በግራ ሲባል አርባ ስምንት። ከጠቅላላው መቶ ሃያ ላይ ቀነስኩት፤ ሰባ ሁለት።

ያለፍኩት በአንዲት ጥያቄ ነው። ውጤቱን እንዳየሁ ሮጬ ወደ እሳቸው ሄድኩ። «ጋሼ፣ አለፍኩ። ያዳነኝ የእርስዎ ማስታረቅ ነው።»

ምንም አልደነቃቸውም። መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ «እሱስ እሰየው፤ ሰዎቹስ ታረቁ?» አሉኝ።

የታረቁባቸውን አርባ ስምንት ሰልፎች ጠራርጌ የጣልኩት እኔው ነኝ። ግን እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ።

«ታርቀዋል» አልኳቸው።

«ተመስገን» አሉ። ያን ቀን እራታቸውን ጥርግ አድርገው በሉ።