የእማሆይ እንቁላል በሁዳዴ

ሰውን ለማወቅ ቤቱ መግባት አያስፈልግም፤ ከገበያ ሲመለስ ፌስታሉን ማየት ይበቃል። እኔ በዚህ ሙያ የተካንኩ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ ደጃፍ ካለችው አግዳሚ ላይ ውዬ እገባለሁ። ማን ሽንኩርት በኪሎ እንደሚገዛ፣ ማን ሁለት ራስ ብቻ አንጠልጥሎ እንደሚመለስ፣ የየትኛው ቤት ዘይት ወሩ ሳይጋመስ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። እናንተም የጎረቤታችሁን ታውቃላችሁ። እኔ ማወቄን አልደብቅም፣ ልዩነታችን ይኸው ነው።

ባለፈው ሁዳዴ፣ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ለራሴ ጉዳይ ዘሀራ ሱቅ ገብቼ ቆሜያለሁ። ጉዳዬ ምን እንደነበር ለጊዜው ይቆየን። ዘሀራ ሙስሊም ናት፤ ከሱቋ ጓሮ ዶሮ ታረባለች፤ ሁዳዴ ሲገባ ግን ከእኛ ወገን እንቁላሏን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ያን ቀን አንዲት ቆብ የደፉ አሮጊት ተጎንብሰው እንቁላል ይመርጣሉ። ቀና ሲሉ እማሆይ ወለተ ማርያም ናቸው! ከመርጡለ ማርያም የመጡ፣ ጎረቤታችን እትዬ አዛለች ለነፍሷ ብላ አንዲት ክፍል በነጻ የሰጠቻቸው መነኩሴ። እንቁላሉን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሱ ያገላብጣሉ። ሙሽራ እንኳ እንዲህ ተመርጣ አታውቅም። ጥቂት መርጠው በትንሽ ቅርጫት፣ ያለ ምንም መሸፋፈን ይዘው ሲወጡ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ዓይናቸው ዘሀራ ወደምትጠቀልልልኝ ዕቃ ሄደ፤ ወዲያው ወደ መሬት ተመለሰ።

ለሰው አልተናገርኩም። ለባለቤቴ ለዝማም ብቻ ነው የነገርኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ እንቁላሎቹ ተባዝተው ሙሉ ቅርጫት ሆኑ፤ ሌሊት የጥብስ ሽታ የሸተታትም ጎረቤት ተገኘች። ደግሞም እማሆይ ሰሞኑን በራቸውን ዘግተው መዋል ጀምረዋል። ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ አዛለች ነጠላዋን አጣፍታ አግዳሚዬ ድረስ መጣች።

«በዓይንህ አይተሃል?»

«አይቻለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ተነሥ፣ ፊታቸው ትመሰክራለህ። ለነፍሴ በሰጠሁት ቤት ሁዳዴ አይገደፍም። ዛሬውኑ ይወጡልኛል።»

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ አንድ ከረጢት ይዘው፣ በዚህ ብርድ ወዴት ይሄዳሉ? «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ዓይኑ አይስትም የተባለ ሰው፣ ስቻለሁ ከሚል ሌላው ሜዳ ላይ ቢወድቅ ይመርጣል። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ስንደርስ ግቢው በሴቶች ሞልቷል፤ ዝማምም አለች። እትዬ አዛለች በሩን መታች። ደግማ መታች።

«ቀስ በሉ እባካችሁ፣ አትጩኹ» አሉ እማሆይ ከውስጥ፣ በሹክሹክታ።

ሴቶቹ ተያዩ። እትዬ አዛለች በሩን በትከሻዋ ገፋችው።

ምድጃው ቀዝቃዛ ነው፤ መጥበሻ የሚባል ነገር የለም። ከአልጋው ሥር፣ ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት ውስጥ፣ አንዲት ዶሮ ላባዋን ነፍታ ተኝታለች። በቁጣ አየችን።

«ታቅፋለች፤ ከደነገጠች እንቁላሉን ጥላው ትነሣለች» አሉ እማሆይ። ቀጥለውም ወደ እትዬ አዛለች ዞረው፣ «ባለፈው ክረምት ፈንግል ዶሮዎችሽን ሲጨርስብሽ አየሁ፣ ልጄ። ቤት ሰጥተሽኛል፤ እኔ የምሰጥሽ የለኝም። አውራ ዶሮ ያለው ዘሀራ ዘንድ ነው፤ እንቁላሉን ከእሷ ገዛሁ፤ እናቲቱን አዋሰችኝ። ጫጩቶቹ ሳይፈለፈሉ አልነግርሽም ብዬ ነበር።»

እትዬ አዛለች ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ የግቢው ዓይን ሁሉ ቀስ እያለ ወደ እኔ ዞረ። ከሁሉ የከፋው የዝማም ነበር።

«ለመሆኑ አንተ ዘሀራ ሱቅ ምን ልትገዛ ገብተህ ነው ያየሃቸው?»

የዱቄት ወተት ነበር። በጥቁር ፌስታል አስጠቅልዬ፣ ከጤፉ ጆንያ ኋላ ደብቄ፣ ዝማም ኪዳን ስትሄድ ሻዬ ላይ የማደርገው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ዝማም እማሆይን ጠየቀች፦

«እርስዎ አይተዋል፣ እማሆይ። ምን ይዞ ወጣ?»

እማሆይ አዩኝ። አንድ ቃል ቢበቃቸው ነበር፤ ደግሞም ይገባኝ ነበር።

«እኔ የሰው ፌስታል አላይም፣ ልጄ» አሉ፤ ጎንበስ ብለውም ለዶሮዋ ውኃ አቀረቡ።

ዘጠኝ ጫጩት ተፈለፈለ። ወተቱን በዚያው ቅዳሜ ማታ ጓሮ ደፍቼዋለሁ። አግዳሚዋ ላይ ዛሬም እቀመጣለሁ፤ ፊቴን ግን ከመንገዱ መልሼ ወደ ልብስ ሰፊው አዙሬያለሁ። የማንንም ፌስታል አላይም።

ለነገሩ ልብስ ሰፊውም ሰሞኑን ርካሽ ክር መግዛት ጀምሯል።